የመዋጮው ዝርዝር እኔ እጅ ነው፤ ያልከፈልኩትም እኔ ነኝ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፤ እንደምን ከርመዋል?

በሐዋሳ ከተማ የ11ኛ ክፍል የናቹራል ሳይንስ ተማሪ ነኝ፤ የክፍላችን ሞኒተርም ነኝ። የፊዚክስ መምህራችን ዝውውር ደርሷቸው ትምህርት ሲዘጋ ወደ አርባ ምንጭ ሊሄዱ ነው። ቤተሰባቸው እዚያ ስለሆነ ለእሳቸው ሲጠብቁት የኖሩት ነገር ነው። እኛ ግን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አብረውን ስለነበሩ ከፍቶናል። ላብራቶሪያችን ብዙ ጊዜ ተቆልፎ ነው የሚውለው። ቲቸር ግን ባዶ ሃይላንድ፣ ሲሪንጅ፣ ሎሚ፣ ሚስማር በፌስታል ይዘው ይመጡና እዚያው ክፍል ውስጥ ያሠሩናል። ሁልጊዜ «እኔን አትመኑኝ፣ ሞክሩት» ይላሉ።

ባለፈው ሳምንት ስለ መሸኛ ስጦታ ተሰብስበን ነበር። ቤተሰቡ ሱቅ ያለው አንድ ልጅ ጥሩ ሰዓትና ሙሉ ልብስ እንግዛላቸው፣ በነፍስ ወከፍ 300 ብር ይውጣ አለ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ሲል ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ከዚያ ብሩን ሰብስቢ ተባልኩ፤ ስም ዝርዝሩን የያዝኩት እኔ ነኝ። 54 ተማሪዎች ነን፣ 31 ከፍለዋል። እኔ አልከፈልኩም። እናቴ ጉሊት ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች፣ አባቴ የሰው ባጃጅ ይነዳል፣ ሦስት ታናናሾች አሉኝ። ለእናቴ ስነግራት «የዚህን ሳምንት የዕቁብ ብር ልስጥሽና ለዕቁቡ እበደራለሁ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አንስቼባት አላውቅም። ሰባት ልጆች ደግሞ ለየብቻ እየጠሩኝ «የለኝም፣ እንዳትናገሪ» ብለውኛል። አንዷ ከሰኞ ጀምሮ ትምህርት ቤት አልመጣችም፤ በዚህ ምክንያት ይሁን በሌላ አላውቅም።

ብቻዬን የሆነ ነገር ልስጣቸው ብዬም አስቤ ነበር። ግን ውጤቴ ጥሩ ስለሆነ አሽቃባጭ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ጥቅምት ላይ ያዋሱኝ ካልኩሌተር እንኳ እስካሁን እኔ ጋ ነው፣ በእሱ ነው የምሠራው። እትዬ፣ ርካሽ ሆኖ የማያሳፍር ስጦታ አለ ወይ?

ሞኒተሯ፣ ከሐዋሳ

ውድ ሞኒተሯ፣

የጠየቅሽኝ ስለ ስጦታ ነው፤ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ግን ቦርሳሽ ውስጥ ስላለው ወረቀት እንነጋገር፤ እሱ ቀን አይሰጥም።

31 ከፍለዋል ብለሻል። የቀሩት 23 ናቸው። አንቺና «የለኝም» ያሉሽ ሰባቱ ስትወጡ 15 ልጆች ምንም ሳይሉ ቀርተዋል። ረስቶ የዘገየ ይኖራል፣ አባቱ ደመወዝ እስኪቀበል የሚጠብቅም ይኖራል። ግን አሥራ አምስቱም ረስተው ነው ብለሽ ታምኛለሽ? አንቺ ሞኒተር ባትሆኚ ኖሮ ለሞኒተሯ ትነግሪያት ነበር ወይስ ዝም ትዪ ነበር? እኔ የሚመስለኝ ክፍላችሁ ውስጥ ግማሽ የሚጠጋው ልጅ እያንዳንዱ «ያልከፈልኩት እኔ ብቻ ነኝ» እያለ እንደተቀመጠ ነው። ይህን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ፤ ከባድ ያደረገብሽም ይኸው ነው። የራስሽን እጦት ብቻ ብትይዢ ቀለል ይልሽ ነበር። የሌሎቹንም ምስጢር ጨምረሽ ነው ይዘሽ የምትዞሪው።

ሐሳቡን ያመጣውን ልጅ ክፉ አታድርጊው። ቲቸርን ስለሚወድ ነው፤ እሱ ቤት ደግሞ 300 ብር የሚያሳስብ ገንዘብ ላይሆን ይችላል፣ ስለዚህ አልታየውም። የጠራው ተረትም መልካም ተረት ነው። ነገር ግን ተረቱ የሚያወራው ስለ መሸከም ነው፤ ሎሚውን ማን በምን ብር እንደገዛው አይናገርም። ጭብጨባውንም እንደ ስምምነት አትቁጠሪው። አንቺም አጨብጭበሻል፣ አልተስማማሽም ግን።

ስለዚህ ነገ ብሩንና ዝርዝሩን ይዘሽ ወደ ክፍል ኃላፊ መምህራችሁ ሂጂ። 31 ሰው 300 ሲከፍል 9,300 ብር ነው። ይህን ያህል ገንዘብ በተማሪ ቦርሳ ወይም በቤት ፍራሽ ሥር ማደር የለበትም፤ ቢጠፋ መከራው ያንቺና የቤተሰብሽ ነው። ሁለት ልጆች ባሉበት ቆጥረሽ አስረክቢ። ከዚያ የማንንም ስም ሳትጠሪ እውነቱን ተናገሪ። እንዲህ ማለት ትችያለሽ፦ «ብዙ ልጆች መክፈል አልቻሉም፣ መናገርም አፍረዋል። እኔም አልቻልኩም። ለከፈሉት ተመልሶላቸው ስጦታውን በሌላ መንገድ እንድናደርገው ቢፈቅዱልን።» «እኔም» የምትለዋን ቃል ማስገባት አለማስገባት ያንቺ ምርጫ ነው። ካልፈለግሽ ተዪያት፤ የቤትሽን ጓዳ ለማንም የማሳየት ግዴታ የለብሽም። ብትያት ግን እንደ ከሳሽ አትታዪም፣ ምናልባትም ሌላ አንድ ልጅ ቀና ብሎ «እኔም» ይላል።

«ብሩ ለምን ይመለሳል? የከፈለው በደስታ ነው የከፈለው» የሚልሽ ይኖራል። እውነት አለው። ሆኖም 31 ሰው 300 የከፈለበት ስጦታ ላይ የ54 ሰው ስም ቢጻፍ፣ ያልከፈሉት ሲሰጥ ቆመው ሲያጨበጭቡ ምን እንደሚሰማቸው አስቢው። የ31 ሰው ስም ብቻ ቢጻፍ ደግሞ የባሰ ነው። መመለሱ ለአንድ ቀን ያጨቃጭቃል፣ ከዚያ ያልፋል። የሰዓቱን ሐሳብ ያመጣውን ልጅ ክፍል ፊት ከመናገርሽ በፊት ለብቻው አግኝው። በሰው ፊት ሐሳቡ ከወደቀበት ይከራከርሻል፤ ቀድመሽ ካማከርሽው ግን ከሁሉ የበለጠ የሚሮጥልሽ እሱ ሊሆን ይችላል።

ለእናትሽ ዛሬ ማታ ንገሪያት። «ዕቁብሽን አትንኪ፣ ሌላ መንገድ አግኝተናል» በያት። አንቺ ማንሳት ስለተውሽ እሷም የተወችው አይምሰልሽ፤ ጉሊቷ ላይ ተቀምጣ እያሰላች ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ስጦታው። አንቺ ነገሩን ሳታውቂው በደብዳቤሽ ነግረሽኛል። ስለ ቲቸር ስትጽፊ የያዝሽው ሃይላንድ፣ ሲሪንጅ፣ ሎሚና ሚስማር ነው። ሰዓት እጃቸው ላይ ይኑር አይኑር አልነገርሽኝም። ሦስት ዓመት ሙሉ በፌስታል ተሸክመው የመጡት ነገር እናንተ ውስጥ ገብቶ እንደሆነ አንድ አስተማሪ በእርግጠኝነት የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ፈተና ይነግራቸዋል እንዳትዪኝ፤ ፈተና ማን ምን እንደሸመደደ ነው የሚናገረው። እንደ እኔ ሐሳብ ስጦታው ይህን የሚነግራቸው ይሁን። ይህ ደግሞ የሚፈልገው ወረቀትና ትንሽ ማሰብ ነው።

እያንዳንዱ ተማሪ በአንድ ነጠላ ወረቀት ላይ አንድ ገጽ ይጻፍ። «ለቲቸር ምስጋና ጻፉ» ብትያቸው ግን አለቀልሽ፤ «ውድ መምህራችን ስለ ሁሉም ነገር እናመሰግናለን» የሚል ዓረፍተ ነገር ሃምሳ አራት ጊዜ ተገልብጦ ይመጣልሻል። ጥያቄው እንዲህ ይሁን፦ ቲቸር ካስተማሩን አንዱ ነገር ከትምህርት ቤት ውጪ የት ቦታ፣ ምን ስታደርግ ትዝ አለህ? ይህን ጠይቀሽ ዝም በያቸው። መጀመሪያ «ምንም» ይላሉ። ትንሽ ቆይተው ይመጣላቸዋል።

አንዱ በሲዳማ ደጋ፣ ሀገረ ሰላም ያለችው አያቱ ቤት ባቄላ ለምን ቶሎ እንደማይበስል ይጽፋል። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ውሃችን የሚፈላው መጽሐፉ በሚለው 100 ዲግሪ ሳይሆን በ94 አካባቢ ነው። ሀገረ ሰላም ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፤ እዚያ ወደ 91 ይወርዳል። አያቱ እንጨቱን ቢጨምሩ ውሃው ይንተከተካል እንጂ የበለጠ አይሞቅም። ሌላዋ ባጃጅ ድንገት ሲቆም ወደ ፊት የምትወረወረው ለምን እንደሆነ ትጽፋለች። አንቺም አባትሽ ፍሬን ሲረግጥ በቀጭን ቱቦ ያለው ዘይት ጎማውን እንዴት እንደሚይዘው፣ ቲቸር በሁለት ሲሪንጅ ካሳዩአችሁ ነገር ጋር አያይዘሽ ልትጽፊ ትችያለሽ። አንዱ ደግሞ ሐይቅ ዳር ተቀምጦ ጥቁር ውኃ ወንዝ ወደ ሐይቁ ሲገባ እንጂ ከሐይቁ ወንዝ ሲወጣ እንደማይታይ አስተውሎ፣ ታዲያ የሐዋሳ ሐይቅ እንደ ሻላ ለምን ጨዋማ አልሆነም ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልስ የሌለው ጥያቄ የተጻፈበት ገጽ ቢገኝ አትጣይው፤ «ሞክሩት» ለሚል መምህር ከሁሉ የበለጠው ገጽ ያ ሊሆን ይችላል።

በምን ቋንቋ ይጻፍ? እያንዳንዱ በሚቀለው። ክፍላችሁ የሐዋሳ ክፍል ነውና ሲዳምኛም፣ ወላይትኛም፣ አማርኛም፣ እንግሊዝኛም ይኖራል። ቲቸር የማያነቡት ከሆነ ከሥር በአንድ መስመር ትርጉሙ ይቀመጥ። እጅ ጽሑፌ አያምርም የሚል ይሥላል። ጎበዝ ተማሪዎች የሰነፎቹን ገጽ «እናስተካክልላችሁ» እንዳይሉ ግን ተጠንቀቂ። የፊዚክስ ስህተት ያለበት ገጽ ቢኖር እንዲያውም አይነካ፤ ከጥራዙ ጋር አንድ ቀይ እስክሪብቶ አያይዛችሁ ስጧቸው። አርባ ምንጭ ተቀምጠው እየሳቁ ያርሙታል።

ወረቀቶቹን ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዳችሁ አስጠርዟቸው። ጠንካራ ካርቶን ሽፋንና ስፓይራል ይበቃል፤ ለ54 ሰው ተካፍሎ የሚከብድ ወጪ አይደለም። የክፍሉን የጋራ ፎቶ በስልክ አንሡና አንድ ፎቶ አሳጥባችሁ መጀመሪያው ገጽ ላይ ለጥፉ። ከፎቶው ሥር የእያንዳንዱን ስም በቆማችሁበት ቅደም ተከተል ጻፉ። ይህችን አትርሺ፤ አስተማሪ በየዓመቱ ብዙ መቶ ፊት ያያል፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ፊቱ ትዝ ብሎት ስሙ የሚጠፋው ብዙ ነው።

ብር ማዋጣት የሚፈልግ አይከልከል፤ ዝርዝር ግን አይኖርም። አንድ ትልቅ ፖስታ ይዘጋጅ። ሁሉም የጻፈውን ገጽ አጥፎ ይክተትበት፤ የፈለገ ሰው በገጹ ውስጥ የፈለገውን ያህል ብር ይጨምር፣ ያልፈለገ አይጨምር። ሁሉም እጁን ስለሚከት ማን ምን እንደከተተ አይታወቅም። ፖስታውን የሚከፍተው የክፍል ኃላፊው ብቻ ይሁን፤ አንቺም አታዪ። ማወቅ ራሱ እንዴት እንደሚከብድ አሁን ታውቂዋለሽ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ውሸታም እሆናለሁ። «አስተማሪ በዚህ ኑሮ ወረቀት ምን ያደርግለታል?» የሚል ድምፅ ከክፍላችሁ ይነሣል፤ የሚናቅ ድምፅም አይደለም። ቤት ለቅቆ ዕቃ ጭኖ ከከተማ ወደ ከተማ መዛወር ገንዘብ ይበላል፣ የመምህር ደመወዝ ደግሞ ሁላችንም የምናውቀው ነው። ስለዚህ በፖስታው ውስጥ የተገኘው ብር ከጥረዛው ከተረፈ ምን እንደሚሻል ሌሎቹን መምህራን ጠይቁ። የሥራ ባልደረቦቻቸው የራሳቸውን መዋጮ ይዘው ጋቢ ወይም ሰዓት እየገዙ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ሁለት ሰዓት ታሥሩላቸዋላችሁ። ምናልባት የሚያስፈልጋቸው ጠንካራ የመጽሐፍ መያዣ ሻንጣ ሊሆን ይችላል። ብሩ ሰዓት ከገዛም ይግዛ፣ ሰዓት ላይ ቂም የለኝም። «ይህን ያህል መሙላት አለበት» የሚባል ቁጥር ግን አይኑር።

እጃቸው ሥራ የሚወድ አምስት ስድስት ልጆች ካሉ ሌላም ነገር አለ፤ እውነቱን ለመናገር እኔ ያጓጓኝ ይህኛው ነው። ቲቸር የሚሄዱበት ትምህርት ቤት ላብራቶሪ ምን እንደሚመስል አታውቁም። እዚያም ቢቆለፍባቸው እንኳ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ የሚሠሩበት የዕቃ ሣጥን አዘጋጁላቸው። ሁሉም ከወዳደቀ ነገር የሚገኝ ነው። አባትሽን ጋራዥ ውስጥ ያረጀ ኩሽኔታና የተጣለ ሞላ ይፈልግልሽ እንደሆነ ጠይቂው። ኩሽኔታው ሰበቃን፣ ሞላው የመለጠጥ ኃይልን ያስተምራል። 300 ብር መስጠት ያልቻለ አባት የራሱ ሙያ ካለበት ቦታ ለልጁ መምህር የሆነ ነገር ሲያመጣ ምን እንደሚሰማው አንቺ ከእኔ የበለጠ ታውቂያለሽ። ከተበላሸ ስፒከር ማግኔት ይወጣል። ከተሰበረ የልጆች መጫወቻ መኪና ትንሿ ሞተር ትወጣለች፤ ሽቦዎቿን ከትንሽ የባትሪ አምፖል፣ ኤልኢዲ ከሚባለው፣ ጋር አገናኝታችሁ ዘንጓን በክር ፈጠን አድርጋችሁ ብታሽከረክሩ ብልጭ ይላል። አልበራ ካለ ሁለቱን ሽቦዎች አለዋውጡ፤ ኤልኢዲ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚበራው።

ለሎሚው ሙከራ የቆርቆሮ ሚስማር ያስፈልጋል፤ ዚንክ የተለበጠ ስለሆነ ነው። ሌላው ጫፍ ላይ የተላጠ የመዳብ ሽቦ ይሰካል። አንድ ሎሚ የሚሰጠው ወደ 1 ቮልት ቢጠጋ ነው፣ ቀዩ ኤልኢዲ ደግሞ 2 ቮልት አካባቢ ይፈልጋል። ስለዚህ ሦስት ወይም አራት ሎሚ በተከታታይ ሲያያዝ ነው ደብዘዝ ብሎ የሚበራው። ሎሚውን እዚያው አርባ ምንጭ ይግዙ፤ እናንተ ሚስማርና ሽቦውን በየስብስቡ አስራችሁ ስጡ። ሲሪንጅ ከፋርማሲ ያልተከፈተ አዲስ ይሁን፣ መርፌው ይቅር። ከቆሻሻ ላይ የተለቀመ ሲሪንጅ፣ የተሰበረ የሜርኩሪ ቴርሞሜትር፣ የመኪና ባትሪ ውሃ ማንም እንዳይነካ። ይህን ስታነቢላቸው የሚስቅ ልጅ ቢኖርም አንብቢላቸው።

በሣጥኑ ጥግ ሁለት ድንጋይ ጨምሩ። አንዱ ብሎኬት የሚሠሩ ሰዎች ጋ የሚገኘው ቀላሉ ፑሚስ ነው፤ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ሌላው ባልጩት ነው፤ ጥቁርና እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ፣ ሲጥሉት የሚሰጥም። ከሐዋሳ ሰሜን ምዕራብ ባለው የኮርቤቲ እሳተ ገሞራ ዙሪያ ሞልቷል፤ እዚያ አካባቢ ዘመድ ያለው ልጅ አይጠፋም። ሁለቱ ድንጋዮች ከአንድ ዓይነት ቅልጥ ዓለት ሊወጡ ይችላሉ። አንዱ በውስጡ የነበረው ጋዝ አረፋ አድርጎት ጠነከረ፣ ሌላው ጋዙን አጥቶ ጥቅጥቅ ብሎ ቀረ። የባልጩቱ ጠርዝ እጅ ስለሚቆርጥ በጨርቅ ጠቅልሉት።

ሣጥኑ ጭን ላይ የሚቀመጥ፣ አውቶቡስ ላይ የማያስቸግር ይሁን። የሚሰበር ነገር፣ የአበባ ማሰሮ፣ በመስታወት የተገጠመ ትልቅ ፎቶ ለሚዛወር ሰው ጣጣ ነው።

ወደ አንቺ ልመለስ። ደብዳቤሽ ውስጥ በአንድ መስመር ያለፍሽው ነገር አለ፤ ካልኩሌተሩ። ጥቅምት ላይ ያዋሱሽን እስካሁን አልጠየቁሽም። ረስተው ይመስልሻል? እኔ አይመስለኝም፤ እንደሚያስፈልግሽ አይተው ዝም ያሉ ይመስለኛል። አንቺም አልመለስሽም፣ ምክንያቱም ከመለስሽው በምን ትሠሪያለሽ? ይህ ስርቆት አይደለም፣ ራስሽን አትውቀሺ። ግን ሳይሄዱ መልሺላቸው። በደንብ አጽጂው፣ ባትሪው ከደከመ አዲስ አድርጊበት፣ ከጀርባው ላይ በትንሽ ወረቀት በእሱ የሠራሽውን አንድ ከባድ ጥያቄ ጽፈሽ ለጥፊ። ለብቻሽ የምትሰጪያቸው ስጦታ ይህ ነው። አሽቃባጭ የሚልሽም አይኖርም፤ የሰው ዕቃ የመለሰ ሰው አሽቃባጭ ተብሎ አያውቅም። «ያዢው፣ ያንቺ ነው» ካሉሽ ሁለቴ አትከራከሪያቸው። አመስግነሽ ውሰጂው። ከተቀበሉሽ ደግሞ 12ኛ ክፍልን በምን እንደምትሠሪ ቀድመሽ አስቢበት፤ ጓደኛሽ ጋር በፈረቃ መጠቀም ይቻል እንደሆነ ከአሁኑ ጠይቂያት።

ሁሉም ነገር የሚሰጠው የዓመቱ ውጤት ተሞልቶ፣ ካርድ ከታደለ በኋላ ይሁን። ከዚያ በፊት የሚሰጥ ስጦታ ቲቸርንም ያሳቅቃል፤ ማርክ በእጁ ያለ ሰው ከተማሪ ዕቃ ሲቀበል ሌላው ምን እንደሚል ያውቃል። ሲሰጥም ንግግር አታብዙ። ሣጥኑን የሚያቀብሉት ከፖስታው ውስጥ ምን እንደተገኘ የማያውቁ ሁለት ልጆች ይሁኑ፤ አንዱ «ሰዓት እንግዛ» ያለው ያ ልጅ ቢሆን ደስ ይለኛል።

ከሰኞ ጀምሮ የቀረችውን ልጅ ግን እስከ ካርድ ቀን አትጠብቂያት። ነገ የክፍል ኃላፊውን አነጋግረሽ እንደጨረስሽ ቤቷን የምታውቅ ልጅ ይዘሽ ሂጂ። ስለ ብር መጀመሪያ አታንሺ፤ ታማ ሊሆን ይችላል፣ ቤታቸው ሌላ ነገር ገጥሟቸውም ሊሆን ይችላል። ያመለጣትን የሳምንቱን ኖት ውሰጂላት። ከዚያ መዋጮው መቅረቱን፣ ከእያንዳንዱ ሰው የሚፈለገው አንድ ገጽ ብቻ መሆኑንና የእሷም ገጽ እንደሚጠበቅ ንገሪያት። ባዶ ወረቀቱን እዚያው ትተሽላት ውጪ።